ያልተነካው ቁልፍ

ቢሆነኝ ክራሩን ከመምህርት የሺሃረግ አኮርዲዮን ጋር ሦስት ጊዜ ቃኘ፤ ሦስቴም አንዱ ክር አልገጥም ብሎ ድምፁ ተርገበገበ። ካድሬው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማል። በቀደም መዝሙር አበላሸ ተብሎ የተወሰደው ዋሽንት ነፊ እስካሁን ደብረ ታቦር አልተመለሰም።

«አንተ አዝማሪ፣ በአብዮቱ ልታላግጥ ነው?»

«ኧረ ጓድ! የእኔ በጆሮ የሚቃኝ ነው፤ የመምህርቷ ግን ከፋብሪካ ተቃኝቶ የመጣ።»

«እንግዲያው የተሳሳተው ያንተ ነው። ድገም!»

ቢሆነኝን ላብ አጠመቀው። ክሩን የፀጉር ያህል አላላና መታ። የሺሃረግ አኮርዲዮኑ ላይ አራት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ሲገባት፣ ከክሩ ጋር የሚጋጨውን ትታ ሌሎቹን ብቻ ተጫነች። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ድምፁ ጠራ።

«አየህ?» አለ ካድሬው፤ «ስትፈራ ትችላለህ።»