የለቅሶው ፈረስ

ማዕረግ ባለፈረሱን ፈለቀን የጠላው ገና ሳያየው ነው። ሚስቱ ዝማሬ እራት ላይ «ዛሬ ፈለቀ እንዲህ አለ» ባለች ቁጥር ጉርሻውን ትሪው ላይ ይመልሳል።

«ሐኪም ያቃተውን ፈረስ ሊያድን?» ይላል።

ልጃቸው ኑኃሚን ስምንት ዓመቷ ነው። አትናገርም፤ አትራመድም፤ ግራ እጇ ከተወለደች ጀምሮ ደረቷ ላይ እንደታጠፈ ነው። የቦንጋ ሰው ማዕረግን ፊት ለፊት «እግዜር ይማርልህ» ይለዋል፤ ዘወር ሲል የሚለውንም ማዕረግ ያውቀዋል። በቢሮ ኃላፊነቱ የሚፈራ ሰው ነው፤ አንገቱን የሚያስደፋው ይህች ልጅ ብቻ ናት። ስለዚህ ቆርጧል፤ ዋጫ፣ እህቱ ተሾመች ዘንድ ትሄዳለች። የተሾመች ቤት ከመንገድ የራቀ ነው፤ ማንም አያያትም።

«ልጄ ሁሉን ትረዳለች» አለች ዝማሬ። «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትግባ እንጂ ለምን ትደበቃለች?»

«ምኑን ነው የምትረዳው?»

«መጥተህ ፈረሱ ላይ እያት። አይተሃት ትሂድ ካልክ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ማዕረግ ይህን ቃሏን ያዘ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን አቅፈው በባጃጅ ሄዱ።

ቦታው ከከተማው ዳር፣ ከእንሰት ማሳ ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት የምትልካቸው፤ የፈረሱ እርምጃ ወገባቸውን ያጠነክረዋል ብላ። ፈለቀ አማርኛው ካፊኛ ካፊኛ የሚል ቀጭን ሰው ነው። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር ዘርፍ እስከ ጉንጩ ተዘናፍሎበታል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሽልማት? ሙሽራ ነው?» አለ ማዕረግ።

«የለቅሶ ጌጡ ነው ጋሼ። ሺሺንዳ ከተማ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ነው የገዛሁት፤ እሳቸው ሲሞቱ። ልጆቹ ቀዩን ስለሚወዱት አላወለቅሁትም።»

ማዕረግ ሳቀ። ነገሩ ተገለጠለት። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረስ ተሸልሞ የለቅሶውን ሜዳ ሲዞር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ፈረስ መዞር እንጀራው ነው፤ የበቆሎ ጆንያ ቢጭኑበትም ይዞራል። ጅል እናት ደግሞ ልጄ ነዳችው ብላ ታለቅሳለች።

ፈለቀ ለፈረሱ በካፊኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፤ ከዚያ አንገቱን ነካ። ኑኃሚንን እሱና እናቷ አንስተው ጀርባው ላይ አስቀመጧት። የልጓሙን ገመድ ቀኝ እጇ ላይ አስያዛት።

«አሁን ልቀቃት» አለ ማዕረግ።

«እኔ ከጎኗ ልሁን እንጂ ጋሼ።»

«አንተ ከጎኗ ሆነህ ማን እንደነዳው በምን ላውቅ ነው? ና እዚህ ቁም። አፍህንም ዝጋ።»

ፈለቀ ወደ ሜዳው ተመለከተ። ትናንት ለውሃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ሜዳውን ለሁለት ከፍሎታል፤ መሻገሪያ የተተወለት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«ዛሬ ቦይ አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰበብ አታብዛ።»

«ተወው ፈለቀ፤ ታውቅበታለች» አለች ዝማሬ።

ፈለቀ መጥቶ ከማዕረግ አጠገብ ቆመ። በዚያ ብርድ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ማዕረግ ላቡን አይቶ ደስ አለው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ እንዲህ ነው የሚያልበው።

ፈረሱ መዞር ጀመረ። ኑኃሚን ወደ ፊት አዘንብላለች፤ ለሐጯ ይንጠባጠባል። ቀኝ እጇ እንደ ሁልጊዜው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይወራጫል። ማዕረግ የሚያያቸው ሰው እንዳለ ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ እጇ ወደ ሆዷ ተሰበሰበ፤ ፈረሱም ቆመ። ቀጥሎ የቦዩን ጠርዝ ተከትሎ ሄደ፤ መሻገሪያው ላይ ታጠፈ፤ ተሻገረ፤ ዞሮ መጥቶ ዝማሬ ፊት ቆመ። ኑኃሚን ድምፅ አወጣች። ከወንበሩ አንዷ እናት አጨበጨበች።

«አየሃት?» አለች ዝማሬ፤ እንባዋ እየወረደ።

«ያየሁትማ ፈረሱን ነው። ቦዩን አየና ዞረ። እሱ እንኳ ዓይን አለው። ያንቺ ልጅ ጆንያ ናት።»

ዝማሬ ወደ ፈለቀ ዞረች። «ንገረው እንጂ። ስታያት የከረምከው አንተ ነህ።»

ፈለቀ አፉን ከፈተ። ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን እናቶች አየ፤ ጭናቸው ላይ ያሉትንም ልጆች አየ። አፉን መልሶ ዘጋው።

«አጭበርባሪ» አለው ማዕረግ። «በደካማ ልጅ የምትነግድ።»

ሰኞ ኑኃሚን በሚኒባስ ዋጫ ሄደች። ዝማሬ እንደ ቃሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባሏ ስለ ምንም ነገር አልተነፈሰችም።

ማዕረግን ግን ቂሙ አላስቀመጠውም። ከሥሩ የሚሠራውን የእንስሳት ሐኪም አብነትን ቢሮው አስጠራ።

«ያንን ሰውዬ አዘጋልኝ። ፈረሱን ሄደህ መርምር፤ ዕከክም ይሁን ሳል አንድ ነገር አታጣበትም።»

አብነት ረፋዱ ላይ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ነበረበት።

«እህ? አገኘህበት?» አለ ማዕረግ፤ ወንበሩን እያስጠጋለት።

«ማግኘቱንስ አግኝቻለሁ። ዛሬውኑ ይዘጋል። ፈለቀም አልካደም፤ እናቶቹ እንዳይሰሙ ብቻ ለመነኝ።»

«ምኑን ነው የማይሰሙት?»

«ፈረሱ ዕውር ነው፤ ሲገዛውም ዕውር ነበር።»