አራተኛው ረድፍ ለምን አይደነግጥም?

"አራተኛውን ረድፍ የነካው ማነው?"

ዶክተሯ ይህን ስትል ላብራቶሪው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ...

ሥራዋ ጭንቀትን ማጥናት ነው። ጭንቀት አንጎልን ምን እንደሚያደርገው፣ ጠባይን እንዴት እንደሚለውጠው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይጥ ስታስጨንቅ ኖራለች። (እኛን በነፃ የሚያስጨንቁን ስንት አሉ፣ እሷ ግን ተምራበት ነው 😄)

አይጦቹ በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። በየቀኑ እኩል ደወል ይጮህባቸዋል። ከዚያ ደማቸው ይመረመርና ጭንቀታቸው በቁጥር ይወጣል።

ሦስቱ ረድፍ ደወሉን ሲሰሙ ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ።

አራተኛው ረድፍ... ጆሮውን አንዴ ቀሰር ያደርግና ወደ ምግቡ።

አለቃዋ "ደወሉ እኩል፣ ፍርሃቱ የተለያየ ከሆነ ጥናትሽ ተበላሽቷል። እስከ ሐሙስ ምክንያቱን አምጪ፣ አለዚያ ፋይሉ ይዘጋል" ብሏታል።

መብራቱን ለካች። ደወሉን ቀየረች። ምግቡን ራሷ ቀመሰችው ይባላል፣ እኔ አላየሁም።

ምንም የለም።

በመጨረሻ ረቡዕ ጠዋት ነው ያንን ጥያቄ የጠየቀችው።

አስር ሰዓት ላይ የአይጦቹን ሳጥን የሚያጥቡት ሽማግሌ ሻይ ይዘው ቢሮዋ ገቡ። ሠራተኛው "የአይጥ አባት" ነው የሚላቸው። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ሻዩን ጠረጴዛዋ ጥግ ያስቀምጡና ምንም ሳይሉ ይወጣሉ።

የዛን ቀን ግን አልወጡም።

"ዶክተርዬ... እኔ ነኝ።"

"ምኑን ነዎት?"

"አራተኛውን ረድፍ የነካሁት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ሳጥኑን እስካጥብ አይጦቹን ባልዲ ውስጥ አቆያቸው ተብያለሁ። ሦስቱን ረድፍ እንደዛው ነው የማደርገው። አራተኛው ጋ ስደርስ ግን ባልዲው ረጥቦ በረዶ ይሆናል። ሊበርዳቸው ነው ብዬ... ጋዋኔ ኪስ ውስጥ እከታቸዋለሁ።"

"ኪስዎ ውስጥ?"

"ሁለት ሁለቱን። በአንድ እጄ አጥባለሁ፣ በአንዱ ደባበስ አደርጋቸዋለሁ። ወሬም አወራቸዋለሁ... ስለ ባለቤቴ ጉልበት፣ ስለ አውቶቡስ ሰልፍ።"

"ስንት ጊዜዎ ነው?"

"ስድስት ወር።"

እሳቸው ቀጠሉ።

"እንደምባረር አውቃለሁ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ግን የዘጠኝ ዓመት ልፋትሽ በእኔ ኪስ ምክንያት ገደል ሲገባ ቆሜ ማየት አልሆነልኝም።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሊያባብሏት ጠጋ ሲሉ...

እየሳቀች ነው።

"ጋሼ፣ ምንም አላበላሹም። እኔ ጭንቀት የሚያፈርሰውን ስቆጥር፣ እርስዎ የሚጠግነውን በኪስዎ ይዘው ሲዞሩ ነበር።"

ሐሙስ እጃቸውን ይዛ አለቃው ጋ ገባች። አለቃው ሰምቶ ሰምቶ...

"እና ሳይንሱ ኪስ ነው?" አለ።

"እንሞክረዋ" አለች።

አዲስ አይጦች መጡ። ግማሹ ባልዲ፣ ግማሹ ኪስ። በየተራ ሁሉም ጋዋን ለብሶ አይጥ ደባበሰ። አለቃውም ሳይቀር። መጀመሪያ ቀን በጓንት... በሳምንቱ ስም አውጥቶላቸው።

ውጤቱም ያው ሆነ። ደወሉ ያው፣ ኪስ የገቡት ፍርሃት ግን ግማሽ።

ጥናቱ ሲታተም ከዶክተሯ ስም ቀጥሎ የሽማግሌው ስም ሰፈረ።

የጡረታቸው ቀን ኬክ ተቆርሶ፣ ተስቆ፣ ፎቶ ተነስቶ ሲያልቅ ዶክተሯ አንድ ነገር ትዝ አላት።

"ጋሼ... ያንን የአስር ሰዓት ሻይ ግን ማን አዝዞዎት ነው? እኔ እኮ ከአስተዳደር ይመስለኝ ነበር።"

"ማንም አላዘዘኝም።"

"ታዲያ?"

"ደወሉ በጮኸ ቁጥር ከአይጦቹ እኩል ትደነግጪ ነበር፣ ልጄ... አንቺ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አትገቢም።"

ወዳጆቼ፣ የሰው ሕይወት ውስጥ የሚጮኸውን ደወል ማጥፋት ላንችል እንችላለን። አጠገቡ ሻይ ማስቀመጥ ግን አያቅተንም።

እናንተስ... ማንም ሳያዘው፣ ሳትጠይቁት፣ የአስር ሰዓት ሻያችሁን ያስቀመጠላችሁ ሰው ማነው? እስቲ ኮሜንት ላይ ጥሩትና እሱም ይስማ።