ገጹን ዛሬ አትንኪው

«ልጄ፣ ገጹን ዛሬ አትንኪው» አሏት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጥላዬ፣ ዐይን ዐይኗን ሳያዩ። «በጊዜ ግቢ። ነገም ጠዋት አትምጪ፤ እዚያው ቤትሽ ቆዪ።»

የተወላጆች ማኅበሩን ድረ ገጽ ከባዶ አንሥታ የሠራችው እሷ ናት። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተብላ አታውቅም። ኮድ የምታስተምረው ባልደረባዋ ኪሩቤል እንኳ ጠዋት ሲያያት አቀርቅሮ አለፈ። ሊያባርሯት ነው፤ የሚተካትንም ሰው በገዛ እጇ አሠልጥናለች! አገር ቤት ላለው አባቷ ልትነግረው ደወለች፤ ስልኩ እንደ ትናንቱ ዝግ ነው።

ጋሽ ጥላዬ ሲወጡላት ገጹን ከፈተችው። ርዕሱም፣ ፎቶውም፣ ጽሑፉም እንደ ነበረ ነው። አላመነችም። ኮዱን ከፈተችና መስመር በመስመር ወረደች። የርዕሱ መክፈቻና መዝጊያ ምልክት በቦታው ነው፤ የአንቀጹም እንደዚያው። ከዚያ በታች ግን እሷ ያልጻፈችው ነገር አለ።

ባለፈው ሳምንት ኪሩቤልን «በእነዚህ ሁለት ምልክቶች መካከል የምታስገባውን አንባቢ አያየውም፤ ኮዱን የከፈተ ብቻ ነው የሚያየው» ብላ አስተምራው ነበር። ደህና አድርጎ ተምሯል፤ በምልክቶቹ መካከል አንድ ርዕስ፣ አንድ ፎቶና አንድ አንቀጽ አስገብቷል። ርዕሱ «የሐዘን መግለጫ» ይላል። የፎቶው ፋይል በአባቷ ስም ተሰይሟል። ከሥሩ ኪሩቤል ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል።

«ነገ ማለዳ መርዶዋን እስክትረዳ አይታይ።»