የምንዋጋው ላፕቶፕ

ምንዋጋውን ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ባሕር በላው። ለእሑዱ ልቅሶ የሚያዝ ፎቶው የሚገኘው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነበርና፣ እናቱ እማማ አልጣሽ ሰቆጣ ወደሚገኘው የዓለምነህ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ይዘውት መጡ።

ላፕቶፑ አልነሳ ስላለ፣ ዓለምነህ ፎቶዎቹን ሳይነካ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ሊጭን ሞከረ። ስክሪኑ ግን ዲስክ አልተገኘም አለ። ፎቶዎቹ የተቀመጡበትን ዲስክ ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ሰካው። ያው ነው። በመጨረሻ ነቀለውና መዳፉ ላይ ያዘው።

«እማማ፣ ውስጤ ምንም የለም ይላል።»

«ተጣርተሃል?»

«ማንን?»

«ሰው ቤት ሳይጣሩ ይገባል እንዴ፣ ልጄ?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ደጅ እንደቆመ እንግዳ በቀስታ «ቤቶች» አሉ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ዲስክ መገኘቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ።

ዓለምነህ መዳፉን ዘረጋ። የነቀለው ዲስክ እዚያው ነበር።