የባሕር ዳርቻዋ ልጅ

ቤዛዊት ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። የታሪክ ምሁሩ አባቷ፣ ፕሮፌሰር ኅሩይ፣ ስለ ዘመናዊ የብሪታንያ ባህል ያዘጋጀው ፕሮግራም ሊጀምር ነው። የዛሬው ርዕስ የባሕር ዳርቻ ሽርሽር ነው። ጣቢያው የሚያሳየው ከሰው ጭንቅላት የተቀዳ እውነተኛ ትዝታ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተቀዳ ደግሞ ለባለቤቱ አይመለስም።

«አባዬ፣ የማርጌት ባሕር ዳርቻውን ትዝታችንን ሰጠሃቸው እንዳትለኝ!»

«የቱን ማርጌት?» አላት አጠገቧ ተቀምጦ ቺፕሱን እያላመጠ።

ልቧ ስንጥቅ አለ። ቺፕሷን የባሕር ወፍ የነጠቃት ትንሽ ልጅ ስታለቅስ፣ ሁለት የወንድ እጆችም የራሳቸውን ቺፕስ ሲገለብጡላት በቴሌቪዥኑ ታየ። ልጅቷ ራሷ ቤዛዊት ነበረች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ አባቷ ቺፕሱን ሳያካፍላት በልቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ሳህኑን ብቻውን ጠርጎ ጨርሷል።

ኅሩይ ፊቱን ቋጠረ። «ትልቅ ስህተት ሠርተናል» አለ።

ቤዛዊት ትዝ አለው ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«የልጅቷን ስም ከምስሉ ሥር አልጻፍንም። የታሪክ ሰው ምንጩን ሳይጠቅስ ያልፋል እንዴ? እባክሽ አፈላልጊልኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት።»