ሠላሳ ሰባተኛው ተሸካሚ

«እማማ፣ ይሄን ቤት እናፍርሰውና አዲስ የቆርቆሮ ቤት እንሥራልዎት!»

አለች ሳባ፣ የበጎ ፈቃደኞቿን የስም ዝርዝር ደረቷ ላይ እንደታቀፈች…

እማማ ወርቂቱ ሳቁ።

«ለምን ይፈርሳል ልጄ? ተሸክማችሁ ውሰዱልኝ እንጂ!»

ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ የመጡት የክረምት በጎ ፈቃደኞች እርስ በርስ ተያዩ።

ቤት… ተሸክሞ?

አዎ! ነገሩ የሆነው ዶርዜ ነው፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚሠራ ነው። ምስጥ ከበላው ወይ ጎርፍ ከመጣበት ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ያነሳውና ሌላ ቦታ ወስዶ ይተክለዋል። ሳባ ሴቻ ተወልዳ ሴቻ ያደገች ናት፤ ይህን የሰማችው ገና ያን ዕለት ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ…

ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ቤቱ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከመጣ ቤቱ አለቀለት።

«የሠራው ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» አሉ እማማ ወርቂቱ። «ከሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

የሰፈሩ ጎልማሳ አብዛኛው ለሽመና አዲስ አበባ ወርዷል። ሳባ ቆጠረች… ሃያ ሁለት በጎ ፈቃደኛ፣ አሥራ አራት የሰፈር ሰው። በድምሩ ሠላሳ ስድስት!

«ሰውስ ይበቃል» አሉ ጎረቤታቸው አቶ ኦይታ። «መንገዱን ምን ልታደርጊው ነው?»

እማማ ወርቂቱ ደህና መሬት ያላቸው ከላይ ነው። ወደዚያ የሚያስወጣው ሜዳ ላይ ግን የጋሽ ዳልጮ አጥር ተገትሯል።

እሳቸውና ጋሽ ዳልጮ በድንበር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። አንዳቸው ቤት እሳት ሲጠፋ፣ አጥር ለአጥር ያለውን ቤት ትተው ፍም ለመጫር ታች ሰፈር ድረስ ይወርዳሉ። ግትርነት እንዲህ ነው እንግዲህ!

ሳባ ደፍራ ጋሽ ዳልጮ ደጅ ሄደች።

«ጋሼ፣ አጥርዎን ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢከፍቱልን…»

«እሷ ናት የላከችሽ?»

«አይ፣ በራሴ ነው የመጣሁት።»

«ዘመዷ ነሽ?»

«አላውቃቸውም። ዛሬ ነው ያየኋቸው።»

ጋሽ ዳልጮ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና በሩን ዘጉ።

ሳባ እንባዋ መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል።

እማማ ወርቂቱ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም።

«በሉ መጀመሪያ ቁርስ ብሉ፣ ከዚያ ታነሱታላችሁ። አጥሩ ጋ ስንደርስ እግዜር ያውቃል» አሉ።

ሁሉም አቶ ኦይታ ግቢ ገብቶ ቆጮውን በጎመን በላ። ሲመለሱ ገሚሱ ከውጭ ቤቱን ከበበ፣ ገሚሱ መስኮት የሌለው ጨለማ ቤት ውስጥ ገባ።

«ሆ!»

ቤቱ ተነሳ!

ከሥሩ እግር ብቻ እየታየ መንገድ ጀመረ። ሳባ ከኋላ እየሮጠች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን… አጥር የለም!

ቀርከሃው ተነቅሎ ዳር ላይ ተከምሯል።

«ማነው የነቀለው?» አለች ሳባ። አቶ ኦይታ እንዳልሰሙ ሆነው አለፏት።

አቀበቱ መሀል ላይ የከተማ ልጆቹን ጭቃ አዳለጣቸው። ቤቱ ወደ ግራ አጋደለ። ቀርከሃው ጮኸ። እማማ ወርቂቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ያኔ ከቤቱ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

«ግድግዳውን ልቀቁ! ከታች ያለውን ወፍራሙን ማገር ያዙ! አሁን… ሆ!»

ቤቱ ቀና አለ። አቀበቱን ወጣ። አዲሱ ቦታ ላይ ደልደል ብሎ ተቀመጠ። እልልታው ማዶ ድረስ ተሰማ!

ሳባ ዝርዝሯን አወጣች። ከውጭ የነበሩትን ቆጠረች፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ የሚወጡትን…

ሠላሳ አራት… ሠላሳ አምስት… ሠላሳ ስድስት።

ሁሉም ደህና ነው። ወረቀቷን አጠፈች።

ከበሩ ግን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ጋሽ ዳልጮ!

ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ተቀድዷል።

«ቁርስ ስትበሉ አጥሩን ነቅዬ ገባሁ» አሉ። «ውስጥ ያገኙኝንም ዝም በሉ አልኳቸው። ፊቴን ብታዪው ቤቴን አትንካ ትዪኝ ነበር፣ ወርቂቱ።»

«እውነትህን ነው፣ እል ነበር።»

«ይሄን ቤት ከባልሽ ጋር የጎነጎንኩት እኔ ነኝ። የት ጋ ሲያዝ እንደማይሰበር የማውቀው እኔ ነኝ።»

ወደ ሳባ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ የማታውቃትን ሴት ቤት ልትሸከም ከሴቻ መጣች። እኔ አጥር ለአጥር ሆኜ ቤቱ ገደል ሲገባ ቆሜ ላየው ነበር። አፈርኩ።»

የአቶ ኦይታ ሚስት ለአዲሱ ምድጃ እሳት ልትጭር ወደ ታች ሰፈር ስትነሳ እማማ ወርቂቱ ጠሯት።

«የት ትሄጃለሽ? ከዳልጮ ቤት ጫሪልኝ!»

ጋሽ ዳልጮ እንደ ልጅ አለቀሱ። ፍሙን ራሳቸው ይዘው መጡ።

ማታ ዶፍ ወረደ። ጠዋት የድሮው ቦታ ግማሹ ገደል ገብቷል። ከላይ፣ ከእማማ ወርቂቱ ቤት ግን ጭስ ይወጣ ነበር።

ሳባ ወደ ሴቻ ስትመለስ መኪናው ውስጥ ዝርዝሯን ዘርግታ ከታች ጻፈችበት… «37. ጋሽ ዳልጮ»። ያ አጥር ተመልሶ አልታጠረም።

የማናውቀውን ሰው መርዳት ደስ ይላል፤ ሰው ያመሰግነናል፣ ፎቶም እንነሳለን። የተቀየምነውን ሰው ሸክም ማንም ሳያየን መሸከም ግን ከሁሉም ይከብዳል። ጎረቤታችሁ እስኪወድቅ አትጠብቁ፣ አጥሩን ቀድማችሁ ንቀሉ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ… እናንተ በእማማ ወርቂቱ ቦታ ብትሆኑ እሳቱን ከማን ቤት ታስጭሩ ነበር?