ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ

የነገሩን ቅደም ተከተል ላዛባ እችላለሁ። መንትዮቹ ላይ ጉድፍ የወጣው ሸሚዙ ከተላከ በኋላ ይመስለኛል፤ ግን አልምልም። የስልኩን ንግግር ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አከራዬ ሰዓት ሠሪው እጁ ከውሃ ስለማይወጣ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

እኔ የጓሮ ክፍሉን ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ የሱቆችን ሚዛን እየዞሩ መመርመር ስለሆነ "ሚዛኑ" ይለኛል። ሚስቱ ቀያሽ ናት፤ መንገድ ለመቀየስ ርቃ ሄዳለች። ቤቱ ከነመንትያ ልጆቻቸው እሱ ላይ ወድቋል። የሰዓት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ምስር ይለቅማል፣ ካልሲ ይጠግናል።

አባቱ፣ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ በሚደርስበት ከተማ፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። የምታስታምማቸው ታላቅ እህቱ ናት። እሱ "እታለም" ይላታል፤ እሷ እስከዛሬም "ማሙሽ" ትለዋለች።

"እታለም፣ አባባስ?"

"ደህና ነው፣ ማሙሽ። አሁን ገና ሸለብ አደረገው።"

"ትናንትም ተኝቷል አልሽኝ።"

"ምን ያድርግ፣ ይጨፍር?"

መንትዮቹ ተንከተከቱ። "ማሙሽ" በተባለ ቁጥር ነው የሚስቁት፤ አባታቸው ራሰ በራ ነው።

"አባ፣ ሩዙ አረረ" አለች ሴቷ መንታ።

"አላረረም። መልኩን ቀየረ እንጂ።"

አንድ ቀን እህቱ ራሷ ደወለች። እሱ አንሶላ እየጨመቀ ነበር።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሸሚዝ ላክልኝ። ሳሳ ያለ ጥጥ፣ ከፊት የሚቆለፍ።"

"አባባ ሸሚዝ ሞልቶት የለ?"

"ያሉት ሰፋፊ ናቸው። ጠበብ ያለ ይሁን።"

አንሶላው ከእጁ ወደ ሳፋው ተመለሰ። "ይህን ያህል ከሳ?"

"ሆስፒታል ከርሞ የወፈረ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ከራሱ ሸሚዞች አንዱን መርጦ፣ ማጉያውን ሰክቶ ጎንና ጎኑን ማጥበብ ጀመረ። ከአባቱ የቀረውን በመርፌ የሚለካ ይመስል ነበር። ሸሚዙ በማግስቱ በአውቶቡስ ተላከ።

ከዚያ ወዲህ የእህቱ ድምፅ ቀጠነ።

"ምነው ድምፅሽ? አመመሽ እንዴ?"

"ሆስፒታል ማደር ቀላል መሰለህ? ቆይ፣ ስልኩ ሊያመልጠኝ ነው። በግራ እጄ ይዤው ነው።"

ከበስተጀርባዋ አንድ ሰው በጥርሱ መሃል ያንጎራጉራል። ሰዓት ሠሪው ቧንቧውን ዘጋ።

"ማነው እሱ?"

"አስታማሚ ነዋ። እዚህ ሰው ይጠፋል?"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አረፋው ላይ አቀርቅሮ ቆየ። "እናታችን ከሞተች ወዲህ ልብሳችንን የሚያጥበው አባባ ነበር" አለኝ። "እንደዚህ እያንጎራጎረ። ሚዛኑ፣ የሚናፍቁት ሰው ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል እንዴ?"

የጨመቀውን ልብስ ወስጄ ገመዱ ላይ አሰጣሁለት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል አላባበላትም።

"አባባን አገናኚኝ። አለዚያ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማ። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"እኔስ ደህና ነኝ፣ ልጄ።"

"አባባ! መተንፈሱስ ተሻለህ?"

"እኔስ ደህና ነኝ አልኩህ። አንተ ልጆችህን ጠብቅ። ልጅ..." ድምፃቸው ተሰበረ። "ልጅ አደራ ነው።" ስልኩ ተዘጋ።

ሰዓት ሠሪው እጁን ሳያደርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ተሰናበተኝ" አለ። "እየሞተብኝ ነው። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ብላ ትደብቀኛለች።"

"ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ።"

"ቀብሩ ላይ ነው የምታደርሰኝ። እስከዚያ ሸሚዝ ላክ እባላለሁ።"

ያን ማታ ሻንጣውን አዘጋጀ። ጠዋት መንትዮቹ ከግንባር እስከ እግራቸው ነጠብጣብ ሆነው ተነሡ፤ ጉድፍ። ትኩሳታቸው እጅ ያቃጥላል። ትቷቸው አይሄድ፣ ሆስፒታል ይዟቸው አይገባ። ሻንጣው በሩ ሥር እንደቆመ ቀረ።

በዚያው ሳምንት የአባቱን ከተማ ሚዛኖች የመመርመር ተራው የእኔ ነበር።

"ሂድልኝ" አለኝ፣ የወንዱን መንታ ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ እያበሰ። "በዓይንህ አይተህ ንገረኝ። እንደ ሚዛንህ፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።"

ሆስፒታሉ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ወንዶቹ ክፍል ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ነው ብሎኝ ነበር። አልጋው ላይ አንድ ጎረምሳ እግሩን በጀሶ አሳስሮ ተኝቷል።

"እዚህ የነበሩት ሽማግሌስ?"

"እኔ ስመጣ አልጋው ባዶ ነበር" አለኝ።

ለሰዓት ሠሪው የምነግርበትን ቃል እዚያው ቆሜ መፈለግ ጀመርኩ። ነርሷ አይታኝ ቀረበች፤ የማንን አባት እንደምፈልግ ስነግራት ክንዴን ይዛ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አሳየችኝ።

ከዘራቸውን የልብስ ገመዱ ላይ አንጠልጥለው፣ በጥርሳቸው መሃል እያንጎራጎሩ፣ አንድ ሽማግሌ የደረቀ ልብስ ይለቅማሉ።

ሮጬ ወረድኩ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"አባባ! ልጅዎ በሐሳብ ሊያልቅ ነው፣ እርስዎ ግን ይኸው ደህና ነዎት!"

"እኔስ ደህና ነኝ" አሉ። አልሳቁም። አንድ ሸሚዝ ከገመዱ አውርደው መድረቁን በጉንጫቸው ሞከሩ፤ ጎንና ጎኑ በእጅ የጠበበ ነው። ቀስ ብለው አጠፉት።

"ከፊት የሚቆለፍ መሆኑ በጀን። ልጄ ከታመመች ወዲህ ቀኝ ክንዷን ማንሳት አትችልም። ና፣ የሴቶቹ ክፍል በዚህ ነው።"

ሸሚዙ በተጠየቀበት ቀን ሽማግሌው ድነው አልጋ ከለቀቁ ሳምንት አልፏቸው እንደነበር ኋላ ከነርሷ አረጋግጫለሁ።